«ሳይቴሽኔ ለምን አነሰ?» የሥነ ምህዳር ሞዴል ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጡ ናቸው፤ ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩና ከአቃቂ። ጸሐፊዎቹ ወይ የሥነ ምህዳር ሞዴል (ዕፅዋት የት እንደሚበቅሉና እንዴት እንደሚስፋፉ የሚያሳይ የኮምፒውተር ስሌት) የሚሠሩ ናቸው፣ ወይ የሚሠራላቸው ባለሙያ የሚፈልጉ። የሁሉም ጥያቄ ስለ ኅትመትና ስለ ሳይቴሽን፣ ማለትም አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ስለ መጠቀሱ፣ ነው። መልሳችን ግን ደጋግሞ ወደ መረጃውና ወደ ሞዴሉ ይሄዳል፤ ቁጥሩ የሚበላሸውም የሚቃናውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነውና።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ጉግል ስኮላር 214 ሳይቴሽን አለህ ይለኛል፤ ስኮፐስ ደግሞ 97። ይባስ ብሎ ስኮፐስ ሥራዎቼን ሦስት ቦታ ከፋፍሎ የሦስት ሰዎች አስመስሏቸዋል። ለማዕረግ ዕድገት ማመልከቻ የትኛውን ቁጥር ልጻፍ?

መልስ፦ ሁለቱም የምርምር ጽሑፎችንና ሳይቴሽናቸውን የሚመዘግቡ የመረጃ ቋቶች ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚቆጥሩት የተለያየ ነው። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ የድርጅት ሪፖርቱንም፣ ገና ያልተገመገመውን ፕሪፕሪንትም ይቆጥራል። ስኮፐስ መርጦ ከመዘገባቸው ጆርናሎችና መጻሕፍት ውጭ የሚመጣውን አያይም። አገር ውስጥ ስለ ደን ከሚጻፈው ብዙው በተቋማት ሪፖርትና በመመረቂያ ጽሑፍ የሚወጣ ስለሆነ በእኛ አገር ሥራዎች ላይ ልዩነቱ መስፋቱ አይገርምም። ስለዚህ የተቋምዎ መመሪያ የትኛውን እንደሚጠይቅ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከዚያ ቁጥሩን ከነምንጩና ካዩበት ቀን ጋር ይጻፉ። ምንጩና ቀኑ ያልተጻፈበት ቁጥር አንድ ገምጋሚ ሲጠይቅበት መልስ የለውም።

የሦስት ቦታ መከፋፈሉ መነሻ ስማችን ነው። እነዚህ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። ለምሳሌ አልማዝ ተሰማ ወልደማርያም የምትባል ተመራማሪ ብትኖር፣ አንዱ ጆርናል «ወልደማርያም፣ አ.ተ.» ይላታል። የአያቷን ስም ባልጻፈችበት ጽሑፍ «ተሰማ፣ አ.» ትሆናለች። ወልደማርያም በሁለት ቃል ተለያይቶ ከተጻፈ ደግሞ «ማርያም፣ አ.ተ.ወ.» የምትባል ሌላ ሰው ትፈጠራለች። ስሙ ‹ጸ› ያለበት ከሆነ ደግሞ በላቲን ፊደል አንዱ በሁለት፣ ሌላው በአንድ ፊደል ሲጽፈው ሌላ መንታ ይጨመራል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ፣ ‹ፍሎራ›ው ማለት ነው፣ የአገራችንን ባለሙያዎች ከራሳቸው ስም ጀምሮ በሙሉ ስማቸው ይጠራል፤ ለእኛ የሚስማማውም ያ ነው። የውጭ ጆርናሎች ግን ይገለብጡታል፣ ሲስተሙም የሚያነበው የተገለበጠውን ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ የአጻጻፍ መልክ መርጠው ከዚያ ወዲያ አይቀይሩት፤ ጥምር ስም ካለ በአንድ ቃል ገጥመው ይጻፉት። ቀጥሎ ኦርኪድ ያውጡ። ነጻ ነው፤ 16 አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ይሰጥዎታል። በየጊዜው ጽሑፍ ሲያስገቡ መለያውን ያስገቡት። ከዚያ በስኮፐስ የደራሲ መፈለጊያ ስምዎን በሁሉም መልኩ እየጻፉ ይፈልጉ፤ ያገኟቸውን መዝገቦች መርጠው አንድ እንዲደረጉ ይጠይቁ፤ በመጨረሻም ከኦርኪድዎ ጋር ያያይዙ። ለዚህ የተቋም ክፍያ አያስፈልግም።

ጉግል ስኮላር ላይ ያለው አደጋ ተቃራኒው ነው፤ የሌላ ሰው ሥራ ይሰጥዎታል። ስምዎ የተለመደ ከሆነ የሞክሼዎ የሕክምና ጽሑፍ ሳይታወቅዎ ዝርዝርዎ ውስጥ ይገባል። በማስተካከያው ውስጥ አዲስ ጽሑፍ ራሱ እንዳይጨምር፣ በኢሜይል እንዲጠይቅዎ ያድርጉት። የእርስዎ ያልሆነውን ያጥፉ፤ አንዱ ጽሑፍ ሁለት ቦታ ከተመዘገበ ሁለቱንም መርጠው ያዋህዷቸው። ይህን ከማመልከቻው በፊት ያድርጉ። ኮሚቴ ፊት የሌላ ሰው ጽሑፍ በስምዎ ሲገኝ «ሲስተሙ ነው» የሚል ምክንያት ውሃ አያነሳም።

ጥያቄ (ከሆለታ)፦ ኤች-ኢንዴክስ በእጅ እንዴት ይሰላል? አይ-10 ከሚባለውስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ኤች-ኢንዴክስ ቢያንስ ያንኑ ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ስንት ጽሑፎች እንዳሉዎት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ጽሑፎችዎን በብዛት ከተጠቀሰው ጀምረው ወደ ታች ይደርድሩና ተራ ቁጥር ይስጧቸው። ዝርዝሩ 41፣ 22፣ 15፣ 9፣ 7፣ 6፣ 6፣ 2፣ 1፣ 0 ነው እንበል። ስድስተኛው ጽሑፍ 6 ጊዜ ተጠቅሷል፣ ያልፋል። ሰባተኛውም 6 ነው፣ 7 ስላልሞላ እዚያ ይቆማሉ። ኤች-ኢንዴክሱ 6 ነው። አይ-10 አሥርና ከዚያ በላይ የተጠቀሱትን ብቻ ይቆጥራል፤ እዚህ 3 ናቸው። የኤች-ኢንዴክስን ቀመር በ2005 ያወጡት የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ናቸው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የ41ዱ ጽሑፍ ነገ 400 ቢደርስም ኤች-ኢንዴክሱ ከ6 አይነቃነቅም። ደግሞም ይህ ቁጥር በባሕርይው አይወርድም። ዕድሜም ይጨምረዋል። ስለዚህ ትናንት የጀመረን ተመራማሪና ሃያ ዓመት የሠራን በእሱ ማወዳደር ልክ አይደለም።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የጥድን ስርጭት በማክስኤንት (አንድ ዝርያ ከተገኘባቸው ነጥቦች ተነስቶ የሚስማማውን ቦታ የሚተነብይ ፕሮግራም) ሠራሁ። ከእንጦጦ፣ ከሱሉልታና ከመናገሻ የሰበሰብኳቸው 46 ነጥቦች አሉኝ፤ 19ኙንም የአየር ንብረት ካርታዎች ተጠቀምኩ፤ የሞዴሉ ብቃት መለኪያ፣ ኤዩሲው፣ 0.97 ወጣ። ገምጋሚው ግን «ውጤቱ አያሳምንም» ብሎ መለሰብኝ። በ2006 የወጣውን የማክስኤንት ጽሑፍም በአግባቡ ጠቅሻለሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የጠቀሱት ጽሑፍ፣ ‹ኢኮሎጂካል ሞዴሊንግ› ላይ የወጣው፣ በመስኩ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። እሱን መጥቀስ ግን ሞዴልዎን አያድነውም፤ ገምጋሚው የያዘው ነገር አለ። ኤዩሲ የሚነግርዎ ሞዴሉ ዛፉ የተገኘበትን ቦታ በዘፈቀደ ከተወሰደ ቦታ ከፍ አድርጎ የማስቀመጥ ዕድሉን ነው፤ 0.5 ማለት በግምት ከመምታት አይሻልም ማለት ነው። ማክስኤንት ካልነገሩት በቀር 10,000 የዘፈቀደ ነጥቦችን ከሰጡት ካርታ ላይ ይወስዳል። ካርታው መላ ኢትዮጵያ ከሆነ ከነጥቦቹ ብዙዎቹ አፋርና ኦጋዴን ላይ ይወድቃሉ። ጥድ ደናክል ውስጥ እንደማይበቅል ለመለየት ሞዴል አያስፈልግም፤ 0.97ን ያመጣው ግን ያ ነው። ካርታውን ጥድ በራሱ ሊደርስበት ወደሚችለው ደጋና ወይና ደጋ ይቁረጡት። ኤዩሲው ይወርዳል። ይውረድ፤ የወረደው ቁጥር ነው እውነቱን የሚናገረው።

ሁለተኛው ችግር መንገድ ነው። በዚህ አካባቢ የሚሰበሰቡ ነጥቦች በአስፋልቱ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይከማቻሉ። ሞዴሉ ያኔ የሚማረው ጥዱን ሳይሆን መኪና የሚደርስበትን ቦታ ነው። የአየር ንብረት ካርታው አንድ ካሬ በየጎኑ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ካሬ ውስጥ ከአንድ ነጥብ በላይ አያስቀሩ። የዘፈቀደ ነጥቦቹንም ሌሎች ዛፎች ከተመዘገቡባቸው ቦታዎች ይውሰዱ፤ ያኔ የመንገዱ አድልዎ በሁለቱም በኩል እኩል ይሆናል። ነጥቦቹ ሲሳሱ ፕሮግራሙም እንደሚቀየር ይወቁ፤ ከ15 በታች ሲወርዱ ማክስኤንት የሂንጅ (እንደ ማጠፊያ የሚታጠፍ መስመር) ቅርጾችን ይተዋል፣ ከ10 በታች ቀጥታ መስመር ብቻ ይቀረዋል።

19ኙን ካርታ በሙሉ ማስገባት ለ46 ነጥብ ከልክ በላይ ነው። ከጥድ ኑሮ ጋር የሚያገናኛቸው ምክንያት ያላቸውን ከአራት እስከ ስድስት ይምረጡ፤ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና (ኮሪሌሽን) ከ0.7 በላይ ከሆኑት አንዱን ብቻ ይያዙ። ከ19ኙ ካርታዎች ባዮ 8፣ 9፣ 18 እና 19 የሚባሉት ሙቀትንና ዝናብን በሩብ ዓመት አዳብለው ስለሚያሰሉ ካርታ ላይ ድንገተኛ ስንጥቅ ይፈጥራሉ። እኛ በተለይ ብንተዋቸው እንመርጣለን።

ሦስተኛ፣ ሙከራው። ነጥቦቹን በዘፈቀደ ለሁለት ከፍለው ከሆነ የሚፈተንበት ነጥብ ሞዴሉ ከሠለጠነበት ነጥብ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ይርቃል። ስለዚህ ሞዴሉ መልሱን አስቀድሞ አይቶታል። በእንጦጦና በሱሉልታ ነጥቦች አሠልጥነው በመናገሻ ሱባ ይፈትኑት፤ ቀጥሎ ያገላብጡት። ‹ብሎክሲቪ› እና ‹ኢኤንኤምኢቫል› የሚባሉት፣ አር በተባለው የስሌት ፕሮግራም ውስጥ የሚገቡ ጥቅሎች ይህን ይሠራሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመስክ ደብተርዎን ይክፈቱ። ገምጋሚ ሊያየው የማይችል፣ ሞዴሉን ግን ከሥሩ የሚያበላሽ ስህተት የሚገኘው እዚያ ነው። 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃን 9.30 ብሎ የጻፈ ሰው ነጥቡን 22 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወስዶታል፤ ትክክለኛው 9.50 ነው። ከድሮው የመሬት አቀማመጥ ካርታ የተነበበ ነጥብ አዲንዳን የሚባለውን የድሮ የመጋጠሚያ ልኬት መነሻ የያዘ ስለሆነ በጂፒኤስ ከተወሰደው ከ200 ሜትር በላይ ይፈናቀላል። ይህ ለ1 ኪሎ ሜትር ካሬ ብዙም ላይከፋ ይችላል፤ በ30 ሜትር የከፍታ ካርታ ላይ ግን ከተራራው አንድ ጎን ወደ ሌላው ያሻግራል። «አዲስ አበባ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ የሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ናሙና መሀል ከተማ ላይ ነጥብ ተደርጎ ከተገኘ ይሰረዝ።

ቀኑንም ይመልከቱ። ቅጹ ላይ 12/03/2009 ተብሎ የተጻፈው ኅዳር 12 ቀን 2009 ከሆነ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2016 ነው። ኮምፒውተሩ ግን 2009 ብሎ አንብቦ ከዚያው ዓመት የሳተላይት ምስል ጋር ያጣምረዋል። ከተማው በየዓመቱ በሚሰፋበት በሱሉልታ ዙሪያ የሰባት ዓመት ስህተት ማለት ደን የነበረውን ቤት፣ ቤቱን ደን ማድረግ ነው።

በመጨረሻም ስሙን። መረጃ ሰብሳቢው «ጥድ» ብሎ ከመዘገባቸው መካከል የፈረንጅ ጥድ የለም? የሐበሻውም ቢሆን ሰው የተከለው ከሆነ በራሱ የበቀለበትን ቦታ አያሳይም። ዝርያውንና የተተከለ ወይም በራሱ የበቀለ መሆኑን በሁለት ዓምድ ለይተው ያስቀምጡ። ጽሑፉን መልሰው ሲያስገቡም ኦድማፕ የሚባለውን በ2020 የወጣ የስርጭት ሞዴል መግለጫ ቅጽ ሞልተው አያይዙት፤ ገምጋሚው የሚጠይቀው አብዛኛው ነገር እዚያ መልስ ያገኛል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የአረንጓዴ ልማት ሠራተኞች ነን። ኮረብታ ላይ ያለ ባህር ዛፍ ተነስቶ አገር በቀል ዛፍ ሊተከል ታስቧል፤ የት ምን እንደሚተከል በሞዴል የሚያሳይ አማካሪ እንፈልጋለን። ሁለት ተመራማሪዎች አመልክተዋል። አንደኛው 1,900፣ ሁለተኛዋ 160 ሳይቴሽን አላቸው። በብዛቱ እንምረጥ?

መልስ፦ በብዛቱ ብቻ አይምረጡ። መጀመሪያ 1,900ው እንዴት እንደተከፋፈለ ይዩ። በአንድ ሰፊ የዓለም አቀፍ ጥናት ከብዙ ደራሲዎች እንደ አንዱ የገባ ሰው ያ ጽሑፍ ብቻ ብዙ መቶ ሊያመጣለት ይችላል፤ ሞዴሉን የሠራው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጆርናሎች አሁን በመጨረሻው ገጽ ማን ምን እንደሠራ ያትማሉ፤ ያንን ያንብቡ። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ስም ወይም ለደብዳቤ ልውውጥ የተሰየመው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የመራው ነው።

የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተርም አያሳስታችሁ። እሱ የሚያሰላው ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው። ስለ አንድ ጽሑፍ ወይም ስለ አንድ ሰው የሚናገረው የለም። በ2013 የወጣው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫም ሰውን በዚህ መመዘን እንዲቀር ይጠይቃል።

ከዚያ ከእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጽሑፍ ይምረጡ፤ ለእናንተ ሥራ የቀረበውን እንጂ የታወቀውን አይደለም። ጉግል ስኮላር ላይ በጽሑፉ ሥር «የጠቀሱት» የሚለውን ተጭነው አሥር ያህሉን ይክፈቱ፤ ስማቸው የተነሳበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ፈልገው ያንብቡ። አብዛኛው በመግቢያው ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ ዛፎችን ይጎዳል» ለሚል አጠቃላይ ነገር ከሌሎች አምስት ጋር በአንድ ቅንፍ የታጨቀ ይሆናል። ያ ሳይቴሽን ይቆጠራል እንጂ ሞዴሉን ማንም አልተጠቀመበትም። የሚፈለገው ኮዱን ወስዶ የሠራ፣ ካርታውን ይዞ መስክ ወርዶ የፈተነ ሰው የጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። «እንደተተነበየው አላገኘንም» የሚልም ይገኛል፤ እሱም በቁጥሩ ውስጥ ነው ያለው። ከሴትዮዋ 160 ውስጥ ሃያው እንዲህ በእጅ የተፈተነ ከሆነ ለእናንተ ኮረብታ የምትጠቅመው እሷ ናት።

የምንጠይቀውን ንገሩን ካላችሁ ሦስት ነገር ጠይቋቸው። አንደኛ፣ የካርታቸው ካሬ ስንት ሜትር ነው? በ1 ኪሎ ሜትር ካሬ የተሠራ ሞዴል ከሸለቆው በየትኛው ጎን ኮሶ፣ በየትኛው ዝግባ እንደሚተከል ሊነግራችሁ አይችልም። ሙቀት በየ1,000 ሜትር ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 200 ሜትር ከፍታ የሚያካትት አንድ ካሬ ውስጥ ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ተደብቋል፤ የአፈሩ ጥልቀትና የጠዋት ፀሐይ ሳይቆጠር። ሁለተኛ፣ ከዋናው ካርታ ጋር እርግጠኛ ያልሆኑበትን የሚያሳይ ካርታ ይሰጣሉ? ሦስተኛ፣ ሞዴላቸው የት ላይ ይሳሳታል? ለዚህ ዘርዘር ያለ መልስ የሌለው ሰው ሞዴሉን በደንብ አያውቀውም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ «ጽሑፍዎን በ7 ቀን ገምግመን እናወጣለን፣ 150 ዶላር ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። የሞዴል ጽሑፍ መረጃውንና ኮዱን አይቶ በሰባት ቀን የሚገመግም የለም። እዚያ የወጣ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ስኮፐስ ላይ አይቆጠርም፤ ወደ ደህና ጆርናል ልመልሰው ቢሉም አንዴ ታትሟልና አይቀበሉዎትም። ጆርናሉን በዶአጅ (ለማንም ክፍት የሆኑ ጆርናሎች) መዝገብና በስኮፐስ የምንጮች ዝርዝር ላይ ይፈልጉ፤ በኢሜይሉ ያለውን ሊንክ ሳይነኩ አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ይግቡ፤ የታወቀን ጆርናል ስም ወስዶ የሐሰት ገጽ የሚከፍት አለና። ገንዘቡ ካሳሰብዎ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ሪሰርችፎርላይፍ በሚባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የምርምር ጽሑፍ በሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ምድብ ‹ሀ› ውስጥ ስላለች ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ ብዙ ጆርናሎች ክፍያውን ያነሱልናል። ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ ሲገባ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም። በደንበኝነት የሚነበቡት ጆርናሎች ከደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጠይቁም።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ እምቦጭ በአባ ሳሙኤል ግድብ ላይ እንዴት እንደሚስፋፋ የሚያሳይ ሞዴል አሳተምኩ። ሦስት ዓመት ሆነው፤ የተጠቀሰው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱም የራሴ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ርዕሰ ጉዳዩ ፈላጊ አለው። እምቦጭ ከ1965 ጀምሮ በቆቃና በአዋሽ የተመዘገበ አረም ነው፤ ዛሬ ጣናን ጨምሮ በብዙ ውሃዎቻችን ላይ አለ። ስለዚህ ወይ አላገኙዎትም፣ ወይ አግኝተው ሊጠቀሙበት አልቻሉም።

ላለመገኘት አንዱ ምክንያት ስም ነው። የእምቦጭ ሳይንሳዊ ስም ለረጅም ጊዜ አይኮርኒያ ክራሲፐስ ነበር፤ አሁን ብዙዎች ፖንቴዴሪያ ክራሲፐስ ይሉታል። የታተመውን መቀየር አይቻልም። ከሱ ጋር በሚያስቀምጡት መረጃና ኮድ ላይ ግን ሁለቱንም ስም፣ የግድቡንና የወንዙን ስም፣ የሞዴሉን ዓይነት ይጻፉ። ዝግባም እንዲሁ ነው፤ ፖዶካርፐስ በሚለው የቀድሞ ስሙ የሚፈልግ አፍሮካርፐስ የሚለውን አዲሱን አያገኝም። ቀጥሎ ጆርናሉ የተቀበለውን የመጨረሻ ረቂቅ በተቋምዎ ማኅደር ማስቀመጥ የሚፈቅድበትን ጊዜ ያረጋግጡ። ጊዜው ካለፈ ዛሬውኑ ያስቀምጡት፤ መክፈል የማይችል አንባቢ የሚደርሰው በዚያ ነው።

ሊጠቀሙበት ላለመቻላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መለኪያ ነው። የእድገት መጠኑ በቀን ነው በሳምንት? ክብደቱ እርጥብ ነው ደረቅ? እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ እርጥቡን እንደ ደረቅ የወሰደ ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ይሳሳታል፤ «ሞዴሉ አይሠራም» ብሎም ይተወዋል። እያንዳንዱን መለኪያ ከነአሃዱ፣ ከነምንጩና ከዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ሞዴሉ እያንዳንዱን ተክል ለየብቻ የሚከተል ከሆነ መግለጫውን በኦዲዲ ቅጽ ይጻፉ፤ በ2006 ወጥቶ በ2010 እና በ2020 የተሻሻለ ነው፣ ገምጋሚዎችም ይጠይቁታል።

ከዚያ ኮዱንና መረጃውን ዜኖዶ በሚባለው የምርምር መረጃ ማኅደር ላይ ይጫኑ። ነጻ ነው፤ የሚያስተዳድረው ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ነው። ለእያንዳንዱ ቅጂ ዲኦአይ (የማይለወጥ መጥቀሻ አድራሻ) ይሰጣል፣ ለሁሉም ቅጂዎች የጋራ የሆነም አንድ አለ። በቀጣዩ ጽሑፍዎ የሚጠቅሱት የተጠቀሙበትን ቅጂ ይሁን። ከኮዱ ጋር አንድ ገጽ መመሪያ ያድርጉ፤ የአር ቅጂው ስንት እንደሆነ፣ ፋይሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄዱ፣ በመጨረሻ ምን ቁጥር መውጣት እንዳለበት። ከመጫንዎ በፊት ለባልደረባዎ ሰጥተው፣ እርስዎ አጠገቡ ሳይሆኑ፣ በራሱ ኮምፒውተር ያሂደው። የሚቆምበት የመጀመሪያው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎ ኮምፒውተር የፎልደር አድራሻ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ መቅረቱ ነው፤ ያንን አስተካክለው እንደገና ያሂደው።